እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆሙ ጆንያዎች

አቶ ደበሳ መቆጣት የተዉት በኅዳር መግቢያ ነው። ሰይፈ ዕለቱን አይረሳውም። ጠዋት አንድ ጆንያ ከትከሻው አምልጦት ተቀደደና ቡናው በመጋዘኑ ደጃፍ ጭቃ ላይ ተዘረገፈ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባለ መጋዘኑ ከቢሯቸው ብቅ ብለው፣ ከሰይፈ ጀምረው ጆንያውን እስከ ሰፋው ሰው ድረስ ሳይራገሙ አይመለሱም ነበር። የዚያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆመው አዩት፣ አዩትና፣ አይዞህ ይለቀማል ብለውት ገቡ።

ሰይፈ ተንበርክኮ ሲለቅም ልቡ ከቦታው አልነበረም። ነመራንና ሦስቱን ጫኝና አውራጆች ከማሰናበታቸው በፊትም ሰውዬው ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ማር ሆነው ሰንብተው ነበር። ነመራ ያኔ፣ ሽማግሌው ዘንድሮ ጸባይ ገዝቷል እያለ ሲስቅ ከረመ፤ የስንብት ደብዳቤው ሲሰጠው ሳቁ ገና ከፊቱ አልጠፋም ነበር።

መጋዘኑ ከመቱ ወደ ጎሬ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። በደህናው ጊዜ በዚህ ወቅት አይሱዙዎች ደጁ ላይ ወረፋ ይይዙ ነበር። ዘንድሮ ያምናው ቡና ራሱ ግማሹ አልተነሣም። አዲስ አበባ ያለው ላኪ ስልክ አያነሣም፤ ቢያነሣም ገበያው ይረጋጋ ብሎ ይዘጋል። ባንኩም ብድር አቁሟል። ከአሥራ ሁለት ሠራተኛ የቀሩት ጥበቃውን ጨምሮ አራት ሆነዋል፤ ከአራቱ ደግሞ ቀጣዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ሰይፈ ጠንቋይ አላስፈለገውም።

ሥራው መቀበል ነው። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና ማለት ነው፣ ጭኖ ሲመጣ ደርቋል አልደረቀም ብሎ የሚፈርደው እሱ ነው። እርጥበት የሚለካ መሣሪያ አለ ይባላል፤ አቶ ደበሳ ግን ከዓመት ዓመት እገዛለሁ እያሉ ሲያስተላልፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ሰይፈ በዘጠኝ ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ከወሎ በሰፈራ የመጣ ሰው ነው፤ ቡና የሚባል ተክል ያየውም እዚህ ነው። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረውም፤ እያዳመጠ ለመደው። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቆመ፣ ጆሮው የሚያውቀውን የሚመሰክርለት ወረቀት የለውም። ከዚህ በር ከወጣ ሌላ በር እንደሌለ ያውቃል፤ በመቱም በቡሬም ነጋዴው ሁሉ ሰው እየቀነሰ ነው። ሁለቱ ልጆቹ ገና ተማሪዎች ናቸው፤ ሚስቱ አልጣሽ ገበያ የምትቸረችረው ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የቤት ኪራዩን እንኳ አይሸፍንም።

ማታ ለአልጣሽ ነገራት። እሷ ሽንኩርቷን እየላጠች ሰማችውና፣ ይህን ያህል ከምትብሰለሰል ለምን አትጠይቃቸውም አለችው።

“ሰው መባረሩን ራሱ ጠይቆ ይባረራል እንዴ?”

“ቢሳደቡ ትከፋለህ፣ ቢያመሰግኑህ ትፈራለህ። ሰውዬው ምን ይሁኑልህ?”

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱ ራሱ በእግሩ መጣ። ኢሊሊ የምትባል የአቶ ደበሳ የእህታቸው ልጅ ከቡሬ መጣች። ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥራ አላገኘችም። አጎቷ ወደ መጋዘኑ ይዘዋት ገቡና ሰይፈን፣ ሥራውን አሳያት አሉት። ለምን ብሎ አልጠየቀም። ልጅቷ ጋሼ ሰይፈ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችው፤ ከዚያም ከቦርሳዋ አዲስ ደብተር አወጣች።

ሰይፈን ያስፈራው ደብተሩ ነው። አንድ ጆንያ ሲመልስ ለምን መለሱት ትለዋለች፤ ይህን ስለሰማሁ ነው ሲላት ትጽፋለች። የዳሪሙ ቡና ከቡሬው በምን እንደሚለይ ትጠይቃለች፤ ትጽፋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለቀመው እውቀት በሰማያዊ እስክሪብቶ ከጆሮው ተቀድቶ ወደ ሌላ ዕቃ ሲገለበጥ ቆሞ የሚያይ መሰለው። አመሻሽ ላይ እሷና አጎቷ ቢሮ ዘግተው በኦሮምኛ ያወራሉ። ሰይፈ ኦሮምኛውን እንደ አፍ መፍቻው ስለሚያውቅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት ለእሱ እንደሆነ ቆጠረው። አንድ ቀን ደግሞ አቶ ደበሳ በመንገዳቸው ቆም ብለው፣ እኛ ጋ ስንት ዓመትህ ነው ሲሉት፣ የስንብቱን ወረቀት እያስጻፉ ነው ብሎ ደመደመ።

ኢሊሊ የመጣችው ኅዳር አሥራ አምስት ጾም በገባ ማግስት ነው። እዚህ ላይ የሰይፈን አሠራር መናገር ያስፈልጋል። ጀንፈል ሲመጣለት በመጀመሪያ አንድ እፍኝ ይዘግንና ከጆሮው ሥር ይነቀንቀዋል። የደረቀው ውስጡ ይንኳኳል፤ እርጥቡ ዝም ይላል። ይህ ግን ግማሹ ፍርድ ነው። ዝናብ ያስቸገረው ገበሬ ቡናውን ከምድጃ በላይ ባለ ቆጥ ላይ ያደርቃል፤ ያኔ ገለባው ቶሎ ይደርቅና እንደ ደህናው ይንኳኳል፣ ፍሬው ግን ውስጥ ውስጡን እርጥብ ነው። ይህን የሚያጋልጠው ጥርስ ብቻ ነው። ገለባውን ፈልፍሎ ፍሬውን ሲነክሱት የደረቀ ከሆነ ቀጭ ይላል፤ እርጥብ ከሆነ ጥርስ ይቀበላል።

በጾም ደግሞ ሰይፈ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአፉ ምንም አያስገባም። የንስሐ አባቱ አንዴ ጠይቋቸው፣ ካልዋጥከው ምንም አይደለም፣ እንጀራህ ነው ብለውታል። ልቡ ግን አልተቀበለለትም። ስለዚህ የጾም ጠዋት በጆሮው ብቻ ይሠራና፣ የተጠራጠረውን ጆንያ በምሥራቁ ግድግዳ ያስጠጋዋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጸሎቱን አድርሶ፣ ከቆሎው በፊት እነዚያን ጆንያዎች አንድ በአንድ እየነከሰ ይፈርዳቸዋል። አቶ ደበሳ ይህን ያውቃሉ፤ ከልማዱ ብዛት ግን ማሰቡን ትተውታል። ኢሊሊ አታውቅም። ቤተሰቦቿ ጴንጤዎች ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ አፍ አይታ አላደገችም። እሷ ያየችው ሰይፈ ቡና በጆሮው ብቻ እንደሚቀበል ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ቢሮ ገብታ የቀኑን ቡና ትመዘግባለች።

አንድ ጠዋት ጠየቀችው። ከድምፁ ሌላ ምልክት የለውም ወይ አለችው። ደብተሩ ተከፍቶ ነበር፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ነክቷል።

ሰይፈ የጆንያውን አፍ እያሰረ፣ “ያየሽው ነው ልጄ” አላት።

ውሸት አልነበረም። ያየችው ያ ነው። ያላየችውን እንዲነግራት ማን አዘዘው? እንዲህ እያለ ለራሱ ተከራከረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከጆንያዎቹ ጀርባ ዞሮ፣ ጀርባውን ለቢሮው ሰጥቶ መንከስ ጀመረ። ሰይፈ ሰው አታሎ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ማታለል እንኳ አላስፈለገውም፤ መጾም ብቻ በቃው።

ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ለገብርኤል አስፈቅዶ ቀረ። ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ጠበል ጻዲቁን ቀምሶ፣ አሥር ሰዓት ገደማ በመጋዘኑ በኩል አለፈ። ሃያ ሁለት ጆንያ አዲስ ቡና ከፍ ብሎ ተደርድሮ አገኘ። ኢሊሊ ፊቷ በርቷል። የዳሪሙ ገበሬዎች ተባብረው መኪና ይዘው መጥተው ነበር፤ አጎቷ ተቀበያቸው አሏት፤ እያንዳንዱን ጆንያ ከፍታ አዳመጠች፤ ሁሉም ይንኳኳል። ሰይፈ አንድ እፍኝ ዘግኖ ነቀነቀ። በእርግጥም ይንኳኳል። ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው አላት። እሷ ወደ ቢሮ ስትመለስ አንዱን ፈልፍሎ ነከሰው።

ጥርሱ ገባበት። ሌላ ጆንያ ሞከረ፤ ገባበት። የምድጃ ጭስ ሽታም አለው። ዳሪሙ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ያለ ጊዜው ሲዘንብ መሰንበቱን እሱ ሰምቷል፤ እሷ ልብ አላለችውም። ይህ ቡና እንደ ተደረደረ አንድ ሳምንት ከቆየ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ጎኑ ያለውንም ይዞ ይሄዳል።

ሰይፈ የነከሰውን ፍሬ መሬት ላይ ተፍቶ በጫማው አፈር አለበሰውና ወደ ቤቱ ሄደ። መንገድ ላይ ደስ አለው። ከዚያ ደስ ማለቱ አስደነገጠው። ከዚያም ራሱን አሳመነ፤ ቡናው ሲሸት ያኔ ማን ምን እንደሆነ ይታያል፣ ደብተር ቡና አይቀበልም ይባላል። ሰው ጥፋቱን ሲሠራ ዝም አልኩ እንጂ ጥፋቱን እኔ አልሠራሁም። ማታ ለጸሎት ቆመ፤ በደላችንን ይቅር በለን የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ግን ተደናቀፈና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሁለተኛም እዚያው ቆመ። አልጣሽ ከአልጋ ሆና፣ ምን ሆነሃል፣ ረሳኸው እንዴ አለችው።

ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ጠዋት ኢሊሊ እየሮጠች መጣች። ላኪው በመጨረሻ ስልክ አንሥቷል። ከነገ ወዲያ አይሱዙ ይመጣል፤ በአራት ወር የመጀመሪያው ጭነት ነው። ላኪው አዲስ ቡና ስለፈለገ የዳሪሙ ሃያ ሁለት ጆንያ በመጀመሪያ ይጫናል። ሰይፈ አጎትሽ ምን አሉ አላት። ይህ ጭነት ከተመለሰ መጋዘኑን እዘጋለሁ ብለዋል አለችው። ላኪው ደግሞ እርጥበት የሚለካው መሣሪያ አለው።

ልትሄድ ብላ ተመለሰች።

“ጋሼ ሰይፈ፣ አጎቴ እስከ ገና ካልጠቀምሽ ወደ ቡሬ ትመለሻለሽ ብሎኛል። እርስዎ ዝም ሲሉኝ የማልጠቅም ሆኜ ነው እያልኩ እፈራለሁ። ከሆነ ይንገሩኝ፤ ከሰው ከምሰማው ይሻለኛል።”

ሰይፈ መጀመሪያ ያሰበው፣ ይህንንም አስጠንተው ልከዋት ይሆን የሚል ነው። እስከዚህ ደርሶ ነበር ነገሩ። ዓይኗን አየ፤ አንድም ነገር አላገኘበትም። ወደ ክምሩ ሄደና እጁን በሁለት ጆንያዎች መሃል ሰደደ። ውስጡ ለብ ብሏል፤ የታመመ ሕፃን ግንባር ይመስላል።

አቶ ደበሳን እንድትጠራቸው ኢሊሊን ላካት። መጡ። ሰይፈ ከክምሩ አንድ እፍኝ፣ ካምናው ቡና ደግሞ ሌላ እፍኝ ይዞ ቆሞ ነበር። ሰላምታ ሳይሰጥ ያምናውን ፈልፍሎ ለልጅቷ ሰጣት። ንከሺው አላት። ነከሰች፤ ቀጭ አለ። የዳሪሙን ሰጣት። ነከሰች፤ ምንም ድምፅ የለም። ፍሬውን ከአፏ አውጥታ የጥርሷን ምልክት እያየች ፊቷ ገረጣ። እሱ ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ፣ ቆጡን፣ ምድጃውን፣ ጾሙን፣ በምሥራቁ ግድግዳ ዘጠኝ ሰዓትን የሚጠብቁትን ጆንያዎች ነገራት። ደብተሯን አላወጣችም።

አቶ ደበሳ የገባቸው ቀስ ብሎ ነው። ሲገባቸው ድምፃቸው ዝቅ አለ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?”

“ከገብርኤል ዕለት ጀምሮ።”

“አራት ቀን?”

“አራት ቀን፣ ጋሼ። ጠይቃኝ ነበር፤ ደበቅኳት። ሊያሰናብቱኝ ነው ብዬ ነው።”

አቶ ደበሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን አዩት፣ አንዳች ነገር የተጻፈበት ይመስል።

“ልክ ነህ። አስቤ ነበር። ሁለት ተቀባይ የምይዝበት ዘመን አይደለም፤ እሷ ከቤቴ ትበላለች፣ አንተ ደመወዝ ትፈልጋለህ። ቁርጡን ግን አልቆረጥኩም ነበር።”

“አሁንስ?”

“አሁን ቡናውን አውጡት” አሉና ሄዱ።

አይሱዙው በቀኑ ሲመጣ በደንብ የደረቀውን ያምናውን ቡና ጭኖ ሄደ፤ አቶ ደበሳ ላኪውን በስልክ እንዴት እንደለመኑት ሰይፈ ከውጭ ሰምቶ አንገቱን ደፋ። ከሃያ ሁለቱ ጆንያ ሁለቱ ሻግቶ ተጣለ። ሃያው ሸራ ላይ ተሰጣ። ሰይፈና ኢሊሊ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያገላብጡ ለሁለት ቀን ያህል ከሥራው ቃል በቀር አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ፣ ዓይኗን ከሸራው ሳታነሣ፣ አንድ ነገር ልትጠይቀው ፈለገች።

“ቡናው ባይሞቅ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር?”

“አላውቅም” አላት። ሌላ የሚላት እውነት አልነበረውም።

በዚያው ሳምንት ግን ሰይፈ አንድ ነገር አስተዋለ። ገበሬ ቡና ይዞ ሲመጣ እሱ ይነቀንቃል፣ የተጠራጠረውን ለእሷ ያቀብላታል፣ እሷ ትነክሳለች። ደርቋል፣ አልደረቀም። ዘጠኝ ሰዓትን የሚጠብቅ ጆንያ አልነበረም፤ ገበሬዎቹም ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ መቀመጡ ቀረላቸው። አንዱ ሽማግሌ ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ ብሎ ሁለቱንም መርቆ ሄደ። ሰይፈ ከዚያ በኋላ ሁለት ሌሊት ያህል አሰበበት፤ ግማሹ ንስሐ ነበር፣ ግማሹ ስሌት። የትኛው እንደሚበልጥ ለራሱም አልለየለትም።

ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው ቢሮ ገባ። ጾሙ ሲፈታ እኔ በየጠዋቱ መንከስ እችላለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ ግን ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ ጾም ነው፤ እነዚያን ሁለት ቀኖች ኢሊሊ ትቀበል፣ የሁለቱ ቀን ደመወዝም ለእሷ ይሁን፣ እኔ በአራቱ ቀን ልሥራ አላቸው። እርስዎ የሚከፍሉት የአንድ ሰው ነው፤ ቡና ግን በየቀኑ ሳይቆም ይገባል።

አቶ ደበሳ ወረቀታቸውን ትተው ትክ ብለው አዩት።

“ረቡዕና ዓርብ የት ልትሠራ ነው?”

“የትም አልሠራም።”

“ከጎሬው ነጋዴ ጋር ተነጋግረሃል። ሰው በዚህ ዘመን እንጀራውን ቆርሶ የሚሰጠው ሌላ እንጀራ ሲኖረው ነው።”

ሰይፈ አልማለም። ጋሼ፣ እኔም እርስዎን ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሳይዎት ነው የከረምኩት አላቸው። ሰውዬው ሊስቁ ነበር፤ ተዉት። አስባለሁ ብለው አሰናበቱት። የበዓሉን ዋዜማ ሰይፈ አሁንም ያለ ቁርጥ ነው ያሳለፈው። ከበዓሉ በኋላ ሰኞ ጠዋት ኢሊሊ፣ አጎቴ ይሁን ብሏል አለችው። የሰማችው ነገር ወጥመድ እንዳለው የምትፈትሽ ይመስል ፊቱን ታየው ነበር። አልፈረደባትም።

አልጣሽ ነገሩን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ሁለት ቀን በገዛ እጅህ ሰጠህ ማለት ነው አለች። እንግዲያው ረቡዕና ዓርብ ሽንኩርቱን የሚሸከምልኝ አገኘሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተቀጥረሃል አለችው። ስትስቅ ዓይኗ ግን የኪራዩን ቀን እያሰላ ነበር።

የመጀመሪያው ረቡዕ ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። ሰይፈ ከአልጣሽ መደብ ጎን በጆንያ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ነመራ ባጃጁን አቁሞ ወረደ። አሁን የሰው ባጃጅ ይነዳል።

“አንተንም አሰናበቱህ?”

“ረቡዕና ዓርብ ብቻ።”

“ሲጀምሩ እንዲህ በቁራጭ ነው” አለና ነመራ ተሳፋሪ ሲጠራው ሄደ።

አራት ሰዓት ሆነ። ሰይፈ በሽንኩርቱ ፊት አልረጋ አለ። ይህን ጊዜ ጆንያ እየተከፈተ ነው፤ ነክሳ ይሆን ወይስ ቸኩላ አልፋው ይሆን? እመጣለሁ ብሎ ተነሣ። ከመጋዘኑ ትይዩ፣ ከባጃጅ ጠጋኙ ሱቅ ጥግ ቆመ። በሩ ክፍት ነው። ኢሊሊ አንድ ገበሬ ፊት ቆማ እፍኟን ወደ ጆሮዋ አነሣች፣ ነቀነቀች። ከዚያ አንዷን ፈልፍላ አፏ ውስጥ ከተተች። መንገዱን አይሱዙ አለፈበትና ድምፁን መስማት አልቻለም። መኪናው ሲያልፍ ገበሬው ጆንያውን ተሸክሞ እየገባ ነበር።

ትንፋሹን ለቀቀ። ያን ጊዜ የቢሮው መጋረጃ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አየ። አቶ ደበሳ ሰይፈ ይሰልለናል ይሉ ይሆናል፣ ወይም ከጠጋኙ ጋር ሌላ ሥራ ይዋዋላል ይሉ ይሆናል። ጠጋኙን ሰላም ሳይለው፣ ግድግዳውን ታክኮ፣ ወደ ገበያው ተመለሰ። ከመጋረጃው በቀር ማንም ያየው አልመሰለውም።